ሰባተኛዋ ችካል

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ያደረግሁትን ሰምታችሁ ጀግና ናት እንዳትሉኝ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ቀያሽ ነኝ፤ «ሚሊሜትር» ይሉኛል። አንድን ከፍታ አንዴ ለክቼ አላምንም፤ ሦስቴ ካልደጋገምኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰው ጥንቃቄ ይለዋል፤ እኔ ግን ፍርሃት እንደሆነ አውቃለሁ። ወንዙ የሚከፈት ቀን ጠዋት ደግሞ ከሁሉ የባሰው ፍርሃቴ በጃኬቴ የውስጥ ኪስ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት የደረሰኝ፣ ያልከፈትኩት ደብዳቤ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ወንዙ ሠላሳ ዓመት እንደ ቦይ ቀጥ ብሎ ኖሯል። ጥንት እየተጠማዘዘ፣ እዚህም እዚያም እያረፈ የሚወርድ ነበር አሉ። መሬት እናተርፋለን ብሎ ያቀናው የኛ መሥሪያ ቤት ነው፤ ያቀናውን ኤክስካቫተር ይነዳ የነበረው ደግሞ አባቴ። ነፍሱን ይማረውና፣ የታዘዘውን ሠራ። ወንዙ ግን ከቀና በኋላ ጠባዩ ተበላሸ። በዝናብ ጊዜ ልጓም እንደበጠሰ ፈረስ እየጋለበ ዳር ዳሩን ናደ፤ የታችኛውን ሰፈር በየዓመቱ አጥለቀለቀ፤ በበጋ ደግሞ ጠጠር ብቻ ሆነ። በመጨረሻ መሥሪያ ቤታችንና አሥራ አንድ ባለመሬቶች ተስማሙ። እነሱ ዝቅ ያለውን ማሳቸውን ሊለቁ፣ እኛ ወንዙን ወደ ጥንት መንገዱ ልንመልስ።

ለመስማማት ሁለት ዓመት ፈጀ። አሥሩ ፈረሙ። አሥራ አንደኛው ሰፈሩ «አቶ እምቢ» የሚላቸው ሰው ናቸው፤ እንደምን አደሩ ቢሏቸው እንኳ መጀመሪያ እምቢ ብለው ነው ደህና የሚሉት ይባላል። «ወረቀታችሁን አላምንም፤ ያኔም ወረቀት ነበራችሁ» አሉን። እናም እሳቸው ባሉት ሆነ። ችካሎች በሁሉም ፊት ይተከላሉ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀትና ችካል ቢጣሉ የሚታመነው ችካሉ ነው። ማንም እንዳይነካቸው ደግሞ ባለመሬቶቹ ከመካከላቸው አንድ ዘበኛ ይመርጣሉ። የመረጡትም የሳቸውኑ ልጅ ነው።

አቶ እምቢ የፈረሙት በሰባተኛዋ ችካል ነው ማለት ይቻላል። ከሷ ጀርባ፣ ከግቢያቸው ጫፍ፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ የታላቅ እህታቸው ቤት አለ። እሳቸውም ልጃቸውም «እትዬ» ይሏቸዋል፤ ልጁን እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉት እትዬ ናቸው። እግራቸው ከከዳቸው ሦስት ዓመት አልፎታል። ያን ቤት ከወንዙ የሚጋርድ የአፈር ክትር ልንሠራ ቃል ገባን፤ የክትሩም ቁመት የሰባተኛዋ ችካል አናት እንዲሆን ተጻፈ። ለጊዜው ወደ ላይኛው ቤት ይዛወሩ ብንላቸው እትዬ ሳቁብን። «ችካሏን ልጄ እየጠበቃት ምን ሆኜ ነው የምወጣው?» አሉ።

ዘበኛውን የወደድኩት በመለኪያ መነጽር ውስጥ ነው። እሱ ቁጥር የተጻፈበትን ዘንግ ችካሉ አናት ላይ ያቆምልኛል፤ እኔ ሰማንያ ሜትር ርቄ በመነጽሩ ቁጥሩን አነባለሁ። ማንበብ የነበረብኝ ቁጥሩን ነበር። ፊቱን ነው ሳነብ የከረምኩት። የሰባተኛዋ ችካል ልኬት ከመጀመሪያው ቀን ጽሑፌ ጋር አልገጥም ባለኝ ጊዜም ያፈርኩት ለዚያ ነው። ሦስቴ ተመላለስኩ። «ችካሏን የነካት ሰው አለ?» ብዬ ስጠይቀው «እኔ እየጠበቅኋት?» አለና አንገቱን ደፋ። ጥርጣሬዬ ቅር ያሰኘው መሰለኝ። ልቤ ዓይኔን ያጠፋው መሰለኝና፣ ችካሉ ይታመናል ስለሚል ውላችን፣ ደብተሬን በችካሏ አስተካከልኩ። በሦስተኛው ምልልስ ክትሩ በሚሠራበት ሜዳ ላይ ቆመን እንደሚወደኝ ነገረኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ ሰምቼ አላውቅም እንዴ?

ባለፈው ሳምንት አቶ እምቢ መዋደዳችንን ሰሙ። «ወንዙን ያበላሸው ሰው ልጅ ደጄን አትረግጥም» አሉ አሉ። ይህን የነገረኝ ዘበኛው ሳይሆን የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው፤ እየሳቀ ነበር የነገረኝ። ከዚያ በኋላ ዘበኛው አልታየኝም። በአምስተኛው ቀን ደብዳቤው መጣ፤ በመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ለጥበቃው ትቶልኝ ሄዷል። በጣቴ ዳበስኩት፤ አንድ ቅጠል ወረቀት ነው። ስንብት ደግሞ ከአንድ ቅጠል አይበልጥም። ካልከፈትኩት አልተለየኝም ማለት ነው ብዬ ኪሴ ከተትኩት። እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚሠራ ቀያሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የመክፈቻው ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ላይኛው አገር ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል፤ ወንዙ ግራና ቀኝ ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። አሮጌውን የወንዝ መንገድ ከወንዙ የሚለየው አንድ የአፈር ግድግዳ ብቻ ነው። ኤክስካቫተሩ እላዩ ላይ ቆሞ ይንደቀደቃል። ባለመሬቶቹ በዚህ በኩል ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል፤ የቅርንጫፋችን ኃላፊ አዲስ ቦት ጫማ አድርገው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ ይጨብጣሉ። ግድግዳው አንዴ ከተናደ ያን ሁሉ ውሃ መልሶ የሚዘጋ እንደሌለ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ዘበኛው ከአሮጌው መንገድ ማዶ፣ ከሰባተኛዋ ችካል አጠገብ ቆሟል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ራሱን ቀስ አድርጎ ወደ ታች ነቀነቀልኝ፤ እንደ ጥያቄም እንደ ምስጋናም ነበር። ፊቱ ላይ እረፍት አየሁ። ሰው የሚወዳትን ትቶ እንዲህ እፎይ ይላል? ጥርሴን ነክሼ እኔም ራሴን ነቀነቅሁለት። በቃ፣ ተለያየን አልኩ በልቤ።

ኃላፊው እጃቸውን አነሡ፤ ኤክስካቫተሩም የመጀመሪያውን አፈር ዛቀ። ሰው አጨበጨበ። ያኔ ነው ከዛሬ በኋላ ወደዚህ የሚያመጣኝ ሥራ እንደሌለ የገባኝ። ከዚህ በላይ የምፈራው ምን ቀረ? ፊቴን አዙሬ ደብዳቤውን ቀድጄ ከፈትኩት።

«ሚሊሜትር፣

ፊት ለፊት ልነግርሽ አራት ጊዜ ሞክሬ አራቴም ምላሴ ተሳሰረ። ሰባተኛዋን ችካል የነቀልኳት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ልኬት ጨርሰሽ ዕቃሽን መኪና ላይ ስትጭኚ፣ ከዚያ በኋላ የምትመጪበት ምክንያት እንደሌለ ታየኝ። ነቀልኳትና መልሼ ተከልኳት፤ ጠለቅ ብላ ገባች። ልኬቱ አልገጥም ይላታል፣ ተመልሳ ትመጣለች፣ ያኔ ታስተካክላታለች ብዬ ነው። አንቺ ግን ችካሏን ትተሽ ደብተርሽን አስተካከልሽ። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ክትሩ በሷ ልክ ሲሠራ እያየሁ ደግሞ በየቀኑ ፈራሁ። እትዬ ከክትሩ ሥር ተኝታለች። ውሃው ከመለቀቁ በፊት አስተካክዪው። ለማን ብትናገሪ አልቀየምሽም። ዝም ካልሽኝ ግን አስተካክለሽዋል ብዬ አምናለሁ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብዬዋለሁ።

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። እኔ የፈራሁት ግን ሌላ ነበር፤ የደረሰው ሌላ ሆነ። ጆሮዬ ውስጥ አንዳች ነገር ጮኸ። ቀና ስል ኤክስካቫተሩ ሦስተኛውን እየዛቀ ነው፤ በተቆረጠው አፈር ላይ እንደ ክር ቀጭን ውሃ ወደ አሮጌው መንገድ መውረድ ጀምሯል። እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ብቻ ራሴን ያገኘሁት ከኤክስካቫተሩ መዛቂያ ባልዲ ሥር ቆሜ፣ ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ የራሴን ድምፅ መስማት እስኪያቅተኝ ስጮህ ነው። ባልዲው ከራሴ በላይ አንድ ክንድ ላይ ቆመ። ከጥርሶቹ ጭቃ እየተንጠባጠበ አንገቴ ላይ ይወርድ ነበር።

«አብደሻል?» አሉ ኃላፊው ከላይ። «ውጪ ከዚያ!»

«ይደፈን! ክትሩ አጭር ነው! ውሃው ይዘለዋል!»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ለክተሽ የፈረምሽው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «መጀመሪያ ይደፈን፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

ቀጭኑ ውሃ አሁን እንደ ክንዴ ወፍሯል። ኃላፊው አንዴ እኔን፣ አንዴ ውሃውን አዩና «ድፈነው!» ብለው ጮኹ። ኦፕሬተሩ የዛቀውን አፈር ሁሉ መልሶ ደፋ፤ በባልዲው ጀርባ ደበደበው፤ እንደገና ደፋ። ውሃው ሁለት ጊዜ ጥሶ ወጣ። በሦስተኛው ቆመ። እኔም ያን ጊዜ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

ባለመሬቶቹ ከበቡን። ደብዳቤውን ጃኬቴ ውስጥ መልሼ ከትቼዋለሁ። ከእጄ ካልወጣ ማንም አያውቅም። «ስህተቱ የኔ ነው» አልኩ ለኃላፊው። «የሰባተኛዋን ችካል ልኬት ተሳስቻለሁ። ሌላ ማንም የለበትም።» ከሥራ እንደምባረር አውቄያለሁ፤ እሱን ግን በአሥራ አንድ ሰው ፊት ማዋረድ አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ውሸቴ በጎነት ብቻ አልነበረም። የአባቱን ፊት ፈርቼ ነው።

«ውሸቷን ነው» አለ አንድ ድምፅ።

አሮጌውን መንገድ ተሻግሮ፣ እስከ ወገቡ በጭቃ ተለውሶ መጥቷል። ከንፈሩ አመድ መስሏል። አባቱ ፊት ሄዶ ቆመ። «ችካሏን የነቀልኳት እኔ ነኝ፣ አባቴ። ጠባቂው ራሴ ነኝ የነቀልኳት። እሷ ተመልሳ እንድትመጣ ብዬ ነው።»

ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። አቶ እምቢ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። ይመቱታል ብዬ ጠበቅሁ። ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አሁን ነው። ጽፎልኝ ነበር፤ ያነበብኩት አሁን ነው።»

«ደብዳቤው መቼ ደረሰሽ?»

«ከትናንት በስቲያ።»

«ከትናንት በስቲያ!» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «እህቴ እዚያ ተኝታ፣ አንቺ ሁለት ቀን ኪስሽ ይዘሽው ዞርሽ? ለምን አልከፈትሽውም?»

ኃላፊዬ ቆመዋል፣ ኦፕሬተሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቷል፣ አሥሩ ባለመሬቶች ጃንጥላቸውን አጋድለው ያዳምጣሉ። እናቴ እንኳ የማታውቀውን ነገር ነው የምጠየቀው።

«ፈርቼ» አልኩ።

«ምን ፈርተሽ?»

«ይተወኛል ብዬ። ደጄን አትረግጥም ብለዋል ሲሉኝ፣ ስንብት የጻፈልኝ መሰለኝ። ካላነበብኩት አብሮኝ የሚቆይ መሰለኝ።» ዕንባዬ መጣ፤ ልጠርገው ስል ጭቃውን ፊቴን ሙሉ አዳረስኩት። «እወደዋለሁ። ወንዙን አባቴ እንዳበላሸው አውቃለሁ። አባቴንም እወደዋለሁ። በሁለቱም ምክንያት እትዬን ልገድል ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

«ክትሩን ለኪው» አሉ አቶ እምቢ።

መነጽሩን ተከልን። እሱ ዘንጉን ክትሩ አናት ላይ አቆመ። በመነጽሩ ስመለከት ፊቱ እንደወትሮው ቅርብ ሆኖ መጣ፤ ያለቅስ ነበር። ቁጥሩን አነበብኩ። እንደ ልማዴ ሦስቴ አነበብኩ። ከዚያ የመጀመሪያውን ቀን ጽሑፌን፣ የሰረዝኩትን፣ ከሥሩ ፈልጌ አወጣሁ። ክትሩ ስንዝር ከሁለት ጣት ይጎድላል። ስንዝር ከሁለት ጣት ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። ወንዙ በዚያ ጠዋት እንደነበረው ሞልቶ ቢለቀቅ ከእኩለ ቀን በፊት ዘሎ ይገባ ነበር። ጎድጎድ ያለ ቦታ ነው፤ የገባ ውሃ መውጫ የለውም።

ወፍጮ ቤት ያላቸው ባለመሬት ጃንጥላቸውን አጠፉ። «እኔ በዚህ ላይ መሬቴን አልለቅም» አሉ። «ዘበኛችንም ቀያሻቸውም እንዲህ ከሆኑ በምን እንመን? ፊርማዬን ይመልሱልኝ።» ሁለት ሦስት ሰው አጉረመረመ። የሁለት ዓመት ልፋት ዓይናችን እያየ ሊናድ ሆነ።

የመለሱላቸው አቶ እምቢ ናቸው። «ያኔ ስህተት መሆኑን የሰማነው ውሃው አልጋችን ሥር ከገባ በኋላ ነው። ዛሬ ከመግባቱ በፊት ሰማን። ይቺ ልጅ ባልዲ ሥር ገብታ ነው የነገረችን። እኔ ፊርማዬ እንዳለ ነው። አንተ የፈለግከውን አድርግ።» ከዚያ ለኃላፊው «ክትሩን አሳድጉት። ሲያልቅ ሁላችንም ባለንበት ይለካ። እስከዚያ ውሃው ባለበት ይቆይ» አሏቸው። ባለወፍጮው ጃንጥላቸውን መልሰው ዘረጉ፤ ፊርማቸውን ግን ደግመው አልጠየቁም።

ልጁ አባቱ ፊት ተንበረከከ። «አባቴ፣ ይቅር...»

«ለኔ አትንገረኝ!» አሉ። «ሂድና ለሷ ንገራት። ልጄ እየጠበቃት ነው ብላ ለተኛችው ንገራት። አንቺም ሂጂ። ውሃው እስከ የት ይደርስ እንደነበር አንቺ ንገሪያት፤ የሱን አፍ አላምንም።»

ግቢያቸውን አንድ እግሬ ባዶውን እንደሆነ አቋርጬ እትዬ ቤት ገባሁ። ማንም ደጄን አትርገጪ አላለኝም። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ የብረት አልጋ፣ መድኃኒት የተደረደረበት በርጩማ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ድምፁ ዝቅ ያለ ሬዲዮ። አልጋው ሥር ጥንድ ጫማ በንጽሕና ተቀምጧል። ሦስት ዓመት የተራመደበት የለም። እትዬ ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። ፊታችንን ሲያዩ ሬዲዮኑን ዘጉት።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም፣ እትዬ» አለና አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገራቸው። ችካሏን የነቀለበትን ማታ፣ አንገቱን የደፋበትን ቀን፣ ክትሩ ሲሠራ ዝም ብሎ ያየበትን እያንዳንዱን ጠዋት። ምንም አላስቀረም፤ አላሳመረውምም። እሳቸው አላቋረጡትም። ሲጨርስ እኔን አዩኝ።

«አንቺ ነሽ ለካ» አሉ። «ውሃው እስከ የት ይደርስ ነበር?»

ሚሊሜትር የሚሉኝ እኔ ነኝ፤ ልክ ያልሆነ ነገር መናገር አልችልም። ወደ አልጋው ተጠጋሁ። መዳፌን በጫማዎቹ ላይ አላኖርኩም፤ በብረቱም፣ በፍራሹም ላይ አላኖርኩም። ከፍራሹ ከፍ አድርጌ፣ ከደረታቸው ትይዩ አየር ላይ ዘረጋሁት።

«እስከዚህ» አልኩ።

እትዬ እጄን አዩ። ከዚያ ብርድ ልብሱ ሥር ያሉትን የማይንቀሳቀሱ እግሮቻቸውን አዩ። ይጮሁብናል ብዬ ጠበቅሁ፤ ከቤቴ ውጡ ይሉናል ብዬ ጠበቅሁ። ተነሥቼ ልሄድ ሁሉ ወደ በሩ አየሁ። እሱ ፊቱን ፍራሹ ውስጥ ቀብሮ ትከሻው ይርገበገባል። ልነካው ፈለግሁ፤ በሳቸው ፊት አልደፈርኩም።

«በጣም ፈራሁ» አሉ እትዬ፣ እንደ ልጅ በቀጭን ድምፅ። «አሁን ነው የፈራሁት፤ ብቻዬን አትተዉኝ። አንተ በዚህ፣ አንቺ ደግሞ በዚያ በኩል ተቀመጡልኝ።»

እሱ ተነሥቶ በግራቸው፣ እኔ በቀኛቸው ተቀመጥን። እጃችንን ያዙ፤ እጃቸው በረዶ ነበር። ውጭ ዝናቡ እየጠነከረ ሄደ፤ ወንዙ ከክትሩ ማዶ ሲያጓራ ይሰማል። ሦስታችንም ፈርተን፣ ሦስታችንም ወንዙን እያዳመጥን፣ እጃችን እስኪሞቅ ድረስ አልተላቀቅንም።